ስማቸው ያልተነገረ እስረኞች
በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማገባደጃ የፋኖ ታጣቂዎች ላሊበላን ይዘው፣ ከቀናት በኋላ የመከላከያ ሠራዊት ከተማዋን መልሶ ሲቆጣጠር፣ ሐምሌ 28 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው ማሰርን ፈቅዶ ነበር። መንግሥት ጦር ያነሣን ኃይል የመግታት ግዴታ እንዳለበት አይካድም፤ ይሁን እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ ያለመከሰስ መብታቸው፣ ማለትም ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ ያለመታሰር ከለላቸው፣ ሳይነሣ መታሰራቸው የአዋጁ እጅ ከታጣቂው አልፎ ተናጋሪውንም መያዙን ያሳያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን አፈጻጸም የሚከታተል 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋምና ቦርዱ የታሳሪዎችን ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ማዘዙ ያለ ነገር አይደለም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበትና መንገድ በተዘጋበት በላሊበላ ዙሪያ ባለው የላስታ ደጋ ዘመዱ የተያዘበት ገበሬ ወዴት ሄዶ ይጠይቃል? የታሳሪዎች ስም ሳይነገር ሲቀር፣ ፍርሃት ካልታሰረው ሰው ቤት የሚገባውም በዚሁ በር ነው። አዋጁ ካበቃ በኋላ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ 19 ሙሉ በሙሉ ሊሠራ በሚገባበት በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ዳኞችና ምሁራን ጭምር በጅምላ መታሰራቸው ደግሞ እስሩ ከአዋጁ ይልቅ የአሳሪው ልማድ ውጤት መሆኑን ያመለክታል።