ያሳመመን ምግብ ተጠያቂ የለውምን?



በጤናና በአመጋገብ ዓምዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረን እጃችንን እንድንታጠብ፣ ውኃ እንድናፈላ፣ አትክልት እንድናጥብ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁሉም ምክር የሚያርፈው በበላተኛው ላይ ነው። ምግቡን አምርቶ፣ ቀላቅሎ፣ አሽጎ ወይም አብስሎ የሸጠልን ሰውስ? ቤተሰብ ሙሉ ተመርዞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ለመድኃኒትና ለመኝታ ሲከፍል፣ አልፎም ሰው ሲሞት፣ ሻጩ ሱቁን ከፍቶ ንግዱን ይቀጥላል። እኛ ደግሞ «ቀደር ነው» ብለን እንቀመጣለን። በቀደር ማመን ግዴታችን መሆኑ አያጠያይቅም። በቀደር ማመን ግን በዳይን ከመጠየቅ አይከለክልም። ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ቀደር ነው ብሎ ሌባውን አይሸኝም፤ ጤናው የተሰረቀበት ሰው ለምን ይሸኛል?

በተለይ እኛ በሸሕዲና በመተማ ቆላ የምንኖር ሰዎች ይህን ጉዳይ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ቀን አለ። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ጀርሞች በፍጥነት ይራባሉ። ስለዚህ ጠዋት ተቀቅሎ እስከ ማታ በድስት የተቀመጠ ሩዝ ወይም ሥጋ ለደጋው ሰው ከሚያሰጋው በላይ እኛን ያሰጋናል። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ከአንድ ድስት ለብዙ ይመገባል። አንድ ድስት ከተበላሸ የሚታመመው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ካምፕ ነው።

በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው

ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. (በ2008 እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ እግራቸው ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው፣ ልባቸው የደከመ ሰዎች ወደ ጤና ተቋማት መጉረፍ ጀመሩ። ምርመራው የደረሰበት የምግብ ዘይት ላይ ነበር። አርጌሞኔ የሚባለው፣ ቢጫ አበባና እሾህ ያለው አረም ፍሬ ከቅባት እህል ጋር ተጨምቆ ዘይቱን መርዞት ነበር። የዚህ አረም ፍሬ ደቃቅና ጥቁር ስለሆነ ሳይበጠር ከቀረ ከቅባት እህሉ ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። ተመሳሳይ ዘይት በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ ደልሂ ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ሰሊጥ አምራቹ የመተማ ገበሬና ዘይት ጨማቂ ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ሊያስብበት ይገባል። አረም የበዛበት ማሳ የምርት መቀነስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳይበጠር ወደ መጭመቂያ የገባ እህል የሰው ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሌላም አለ። ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተደረገ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው በሁሉም ላይ ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን መርዝ ተገኝቷል። በአውሮፓ ከተፈቀደው መጠን በታች የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። የመርዙ ዋና መነሻ ለከብት የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ወተቱን ያለበችው እናት ምንም ሳታውቅ ነው የሸጠችው። ጥፋቱ የተጀመረው ከእርሷ በፊት ፋጉሎውን በርጥብ መጋዘን ካከማቸው ዘንድ ነው። ተጠያቂነት የምንለውም ይህንን ሰንሰለት ወደ ኋላ ተከትሎ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ መድረስ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ደሃ ሻጭ ብቻ ይዞ መጮህ ተጠያቂነት አይባልም።

ርጥቡን እህል ከላይ አድርገው

ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ መካከል ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር ርጥበት እንዳገኙ፣ ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው እንደገሠጹት ሁላችንም ሰምተናል። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስለ ታማኝነት ብቻ እንደተነገረ አድርገን እናየዋለን። የጤና ባለሙያ ግን ሌላም ነገር ያይበታል። ከክምር ሥር የተደበቀ ርጥብ እህል ማለት ሻጋታ ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኬንያ በርጥበት የሻገተ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል። በዚያው ጊዜ ከገበያ ከተወሰዱት የበቆሎ ናሙናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከተፈቀደው መጠን በላይ መርዝ ነበራቸው። ስለዚህ በገበያ ጉድለትን መደበቅ ከሒሳብ ማጭበርበር አልፎ ነፍስ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

በእኛም አገር በርበሬን፣ ቅቤን፣ ማርን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ መሸጥ፣ እንጀራን እንኳ በጀሶ ማብዛት ሲነገር ሰምተናል። ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው እኛ «ሐላል ነው ወይስ አይደለም» ብለን የምንጠይቀው ስለ እርዱ ብቻ መሆኑ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የፈቀደልን ሐላልና ጠይብ የሆነውን ነው። በቢስሚላህ የታረደ በሬ ሥጋው ሸትቶ ከተሸጠ ጠይብነቱ የት አለ? በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ ስለሆነ ብቻ ቀኑ ያለፈበትን ብስኩትና ጁስ ለልጆቻችን መግዛትስ ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ሕጉ ከበላተኛው ጎን ነው

ብዙ ሰው «በምግብ ብንመረዝ ምን ሕግ አለን?» ይላል። ሕግስ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ደንቡ ጥቅም ላይ ሲውል ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ አንቀጽ ያለ ጥፋትም ኃላፊነት ከሚያስከትሉት ውስጥ ስለሆነ ተጎጂው አምራቹ ቸልተኛ እንደነበር ማስረዳት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ጉዳቱ የደረሰው ከዚያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ነው። ከዚህም ሌላ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ ካሣ እንዲከፍል ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 527 ለጤና ጎጂ ወይም የተበላሸ ምግብ ማምረትን፣ ባዕድ ነገር መቀላቀልንና መሸጥን በወንጀል ያስቀጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ከልክሏል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይኸው አንቀጽ 2085 ጉድለቱ በተለመደው አስተያየት ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹን ነፃ ያወጣዋል። ቆርቆሮው አብጦ፣ ዘይቱ ሸትቶ፣ ቀኑ አልፎ እያየን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከበላን ነገ የምንከራከርበት አፍ የለንም። ርካሽ ፈልገን የምናጣው ጤናችንን ብቻ ሳይሆን ሐቃችንንም ነው።

ታዲያ ለምን ማንም አይጠየቅም?

ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

አንደኛው ማስረጃ ማጥፋታችን ነው። ሰው ሲታመም የተረፈውን ምግብ እንደፋለን፣ ድስቱን እናጥባለን፣ ማሸጊያውን እናቃጥላለን። ደረሰኝማ መጀመሪያውኑ አልተቀበልንም። ዘይቱ ከሦስት አራት መጭመቂያ ተገዝቶ በአንድ በርሜል ከተቀላቀለ በኋላ በጀሪካን ስለሚቸረቸር ማን እንደጨመቀው አይታወቅም።

ሁለተኛው ጥፋተኛውን በግምት መፈለጋችን ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ የበላነውን እንከሳለን። አንዳንድ የምግብ መመረዝ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ትናንት ማታ ሳምቡሳ የሸጠችልንን እናት ከመወንጀል በፊት ያለፉትን 3 ቀናት የበላነውን፣ አብረውን ከበሉት ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ ጽፈን ለጤና ባለሙያ መስጠት ይገባል። ያለ ማስረጃ የሰው ስም ማጥፋትም በደል ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ሽምግልናችን ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ ሻጩ የመድኃኒቱን ይከፍላል፣ ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ይዘጋል። እርቅ መልካም ነው፤ ይቅር ማለትም ትልቅ አጅር አለው። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ይቅር ልንል የምንችለው የራሳችንን ሐቅ ብቻ ነው። ነገ ከዚያው በርሜል ዘይት የምትገዛው ጎረቤታችን ሐቋን አልሰጠችንም። ስለዚህ ካሣውን በሽምግልና መጨረስ ይቻላል፤ ምግቡን መደበቅ ግን አይቻልም። የዕርቅ ስምምነት ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል፤ ቀሪው ምግብ ከገበያ ይወጣል፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱም ይነገረዋል።

«ደሃውን ታስከስሳላችሁ» ለሚሉን

ይህን ስንል «ጉሊት ቸርቻሪዋን እናት ፍርድ ቤት ልታቆሟት ነው?» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከላይ እንዳየነው ሰንሰለቱን መከተል ነው። ትርፉ የበዛለት፣ መጋዘንና ማሽን ያለው፣ ለማስመርመር አቅም ያለው ቀድሞ ይጠየቅ። በደቡብ አፍሪካ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በሊስቴሪያ 1,060 ሰዎች ታመው 216 ሞተዋል። መንግሥት በጀርሙ የዘር ምርመራ አማካይነት ምንጩን እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ተከትሎ ደረሰበት። የተጎጂ ቤተሰቦች ተባብረው በአንድ ክስ የከሰሱት ታይገር ብራንድስ የተባለውን ታላቅ ኩባንያ እንጂ ቸርቻሪውን አልነበረም። በአሜሪካም በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. 714 ሰዎችን ያሳመመ፣ ለ9 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነ የለውዝ ቅቤ የሸጠ ኩባንያ ባለቤት ምርቱ ጀርም እንዳለበት እያወቀ በመሸጡ በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

በእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በተወካይ አንድ ላይ እንዲከሱ ይፈቅዳል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰውም በድህነት እንዲከስ መንገድ ከፍቷል። ካምፕ ሙሉ የቀን ሠራተኛ በአሠሪው ድስት ሲመረዝ በየግሉ ወደ አገሩ ከሚበተን አንድ ሆኖ ቢጠይቅ ይሰማል።

ስለ ሰሊጣችንም አንድ ቃል። የአውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 2019/1793 ከኢትዮጵያ የሚሄድን ሰሊጥ ለሳልሞኔላ ተጨማሪ ምርመራ ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አስገብቶታል። ለባሕር ማዶ ሰው የሚላከው ሰሊጥ በላቦራቶሪ ሲፈተሽ እዚሁ ተጨምቆ የምንበላው ግን በአፍንጫ ብቻ ይፈተሻል። የእኛ ልጆች ሆድ ከማን ያነሰ ነው?

ምን እናድርግ?

የተመረዘ ሰው ካለ በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የሕክምና ማስረጃውን በጽሑፍ ይቀበል። የተረፈውን ምግብ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ያቆይ፤ ማሸጊያውን አይጣል። በዚያው ቀን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ነገሩ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ለካሣውም ያው የረዘመው ጊዜ ያገለግላል።

በመስጊዶቻችንም ሥራ አለን። የኢፍጧርና የሰደቃ ምግብ ለትርፍ ስላልሆነ አንቀጽ 2085 አይነካው ይሆናል፤ በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት ግን በአንቀጽ 2028 ከመጠየቅ አያድንም። በአላህ ፊት ደግሞ ይበልጥ እንጠየቃለን። በቆላው ሙቀት ለመግሪብ የሚበላው ከዙህር በፊት አይብሰል፤ ከበሰለ በኋላም ከ1 ሰዓት በላይ በብርዱም በሙቀቱም መካከል አይቀመጥ። የጀማዓው ሽማግሌዎች በየሰፈሩ ዘይት ጨማቂዎችንና ዳቦ ጋጋሪዎችን ሰብስበው ጀሪካኑ ላይ የጨማቂው ስምና ቀን እንዲጻፍ ቢያስማሙ ወጪው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ነጋዴ ወንድሞቻችንም ይህን እንደ ጥላቻ አትዩት። ስሙን በጀሪካኑ ላይ የሚጽፍ ሰው ዘይቱን የሚያምንበት ሰው ነው፤ እኛም የምንገዛው ከእርሱ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።