ስለሚያፈስ መኪና

በክረምት የቆርቆሮ ጣራ ሲያፈስ ያየ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ውኃው የሚንጠባጠበው በአልጋው ላይ ነው፤ ቀዳዳው ግን ከአልጋው በላይ አይገኝም። ዝናቡ ከጣራው ራስ አጠገብ ሚስማር በላላበት ስፍራ ይገባል፤ እንጨቱንም ተከትሎ ይወርዳል፤ ሦስት ወይም አራት ክንድ ያህል ከተጓዘ በኋላ ከአልጋው ላይ ጠብ ይላል። ስለዚህ ከአልጋው በላይ ያለውን ቆርቆሮ የሚለውጥ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል እንጂ ቤቱን ከዝናብ አያድንም።

ይህን የጣራ ነገር ያነሣሁት ስለ መኪና ለመናገር ነው። ያረጀ የናፍጣ መኪናም እንደ ቤት ያፈስሳልና። ብዙ ሰዎች መኪናቸው ሲያፈስ ያዩ እንደ ሆነ እርጥብ የሆነውን ስፍራ ጥፋተኛ ነው ብለው ወዲያው ያስፈቱታል። እኔ ግን ይህ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ያለ ነው እላለሁ።

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ፣ ያረጁ የጭነት ፒክአፖች ሲመላለሱ ይታያሉ። ከእነርሱም መካከል ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የሚበልጡ አሉ። የጋራዡም ቋንቋ ከሰፈሩ ስም ጋር ዘመድ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው በነበሩበት ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሯቸው ካዜ ኢንቺስ ከሚባሉት ቤቶች የመጣ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ የሚሉትም ቃሎች ከዚያው ከኢጣሊያን ቋንቋ የወጡ ናቸው። ከሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈረሱ፤ ቃሎቹ ግን አልፈረሱም።

አሮጌ መኪና በከተማችን የሚጠበቅበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ መኪና ያለው ሰው ያለውን መኪና እየጠገነ ይኖራል። የሚያገኘውም እንጀራ በእርሱው ላይ የተጫነ ነው።

አሁን ሲሚንቶና አሸዋ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ነጂ እናስብ። ጠዋት መኪናውን ከቆመበት ሲያንቀሳቅሰው በመሬቱ ላይ እጅ የሚያህል ጥቁር ዘይት ያያል። ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገጥምበት በኩል ዘይቱ ይንጠባጠባል። አንድ ሠራተኛ ይመጣና «በሁለቱ መካከል ያለው የዘይት ማሸጊያ አልቋል፤ ካምቢዮው ይውረድ» ይለዋል። ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። የቀን ሥራ ይቀራል፤ ለእጅ ዋጋ ይከፈላል፤ ለልጆቹ ደብተር የታሰበው ብርም በዚያው ይሄዳል።

ይህ ነጂ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ እንበል። ሽማግሌው መፍቻ አላነሣም። «ልጄ፣ አስቀድሞ ሞተሩ ይታጠብ» አለው።

ነጂውም ተደንቆ «ጋሼ፣ የሚያፈስ መኪና ቢታጠብ ምን ይጠቅመዋል?» አለ።

«በአሮጌ እድፍ ላይ አዲስ ጠብታ አይታይምና ነው» ብሎ መለሰለት።

ከዚህም በኋላ ሞተሩ እስኪበርድ ቆዩ። ዲናሞውን በላስቲክ ሸፍነው በሳሙናና በውኃ አጠቡት፤ በጨርቅም አደረቁት። ጥቂት መንገድ ነድተውት ተመለሱ፤ ሞተሩንም አጥፍተው ኮፋኖውን ከፍተው በባትሪ መብራት ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየተመለከቱ ወረዱ። ፈሳሽ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመንገድም ላይ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለው፣ ደግሞም ወደ ፊት የቀረበው ነጥብ ነው። ታችኛው እርጥበት የላይኛው ልጅ ነው። እነሆም፣ በሞተሩ ራስ ላይ ካለው ክዳን በስተኋላ አንዲት ቀጭን የዘይት መሥመር ታየች። የክዳኑ ማሸጊያ በሙቀት ብዛት እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ዘይቱ ከዚያ እየወጣ በሞተሩ ጀርባ ተንሸራቶ ወርዶ ከካምቢዮው መግጠሚያ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ካምቢዮው ምንም በደል አልነበረበትም።

ዘይቱ ገና ብዙ በማይወጣበት ጊዜ ግን እንዲህ ያለው መሥመር በዓይን አይለይም። በዚያን ጊዜ በደረቀው ብረት ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ መኪናውን ጥቂት ማስነሣት ነው። ዘይቱ በነጩ ዱቄት ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፋል።

የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ ምን እንደ ሆነ ለማወቅም ሌሊቱን ንጹሕ ካርቶን ከመኪናው በታች ማንጠፍ ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከጥላሸት የተነሣ ቶሎ ይጠቁራል። ናፍጣ ቀጭን ነው፤ ሽታውም ራሱን ያስታውቃል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፈር ያለና ሽታው የሚከብድ ነው። የመሪ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ነገር ግን መርዝ ነውና ወዲያው ሊታጠብ ይገባል። የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እንደ ቀጭን ማር ቢጫ ነው፤ ሲያረጅ ይጠቁራል፤ የመኪናውንም ቀለም ይልጣል። ካርቶኑ ግን ፈሳሹን እንጂ ቀዳዳውን አያሳይም።

«ያረጀ መኪና ማፍሰሱ አይቀርም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ዘይት መጨመር ከማስጠገን ይረክሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገራቸው በጥቂቱ እውነት አለበት። በማሸጊያ ዳር ላብ ያህል የወጣ፣ ተሰብስቦም የማይንጠባጠብ ዘይት ቢታይ፣ መጠኑን በየጊዜው እየለኩ መቆየት ይቻላል፤ ለዚህ ብሎ ሞተር ማስፈታት ብልህነት አይደለም። ዳሩ ግን እየጨመሩ መንዳት ልማድ ይሆናል፤ ልማድም ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ነው። ዛሬ አንድ ብርጭቆ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ሊትር እየተባለ ይሄድና አንድ ቀን መለኪያውን ማየት ይረሳል፤ ሞተሩም ያለ ዘይት ብረት ከብረት ሲፋቅ ይቃጠላል።

የፍሬን ዘይት ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ስለ እርሱ «ጥቂት ነው» የሚባል ቃል ሊሰማ አይገባም። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ሲሚንቶ የተጫነ መኪና በዚያ ሲወርድ ነጂው ፍሬኑን ረግጦ እግሩ እስከ ወለሉ ቢሰምጥ፣ ከፊቱ መንገድ የሚሻገሩት ተማሪዎች ናቸው። በጎማው የውስጥ ገጽ ላይ እርጥበት ከታየ፣ ወይም የፍሬኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ከመሥመሩ በታች ከወረደ፣ መኪናው በዚያው ይቁም እንጂ እስከ ጋራዥም ቢሆን መነዳት የለበትም። ጋራዡ ወዳለበት ማስጎተት ውድ ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔ ግን ከአንድ ልጅ እግር ጋር መዝኖ እንዲናገር እጠይቀዋለሁ።

በናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግር አንድ ማፍሰስ አለ፤ ይኸውም ጠብታ የሌለው ነው። ይህን ዓይነት ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ሞተሩን ሲሠራ አሳየ። በዚህ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለም፤ አየሩ በኃይል ተጨምቆ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚያ ላይ ሲረጭ ይነዳል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የናፍጣው ፓምፕ ነዳጁን ከታች ካለው ታንክ በቱቦ እየሳበ ያመጣዋል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ሌሊትም በቱቦው ያለው ናፍጣ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት መኪናው አልነሣ ይላል፤ ነጂውም ባትሪ ይለውጣል። ካርቶኑ ደረቅ ነውና ማፍሰሱን ማንም አይጠረጥርም። ሽማግሌ መካኒኮች ግን ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ በፓምፑ መግቢያ ለጊዜው ይገጥማሉ፤ በእርሱም ውስጥ የአየር አረፋ ሲሄድ ካዩ ነገሩን ያውቁታል።

በሥራው ላይ ሁለት ነገር የተከለከለ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከፓምፑ ወደ ላይ የሚሄዱትን የናፍጣ ቱቦዎች በእጅ እየዳሰሱ ቀዳዳ መፈለግ አይገባም፤ ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ከኃይሉ የተነሣ ቆዳ በስቶ ይገባልና። ቁራጭ ካርቶን በዱላ ጫፍ አስሮ ማቅረብ ይሻላል። የጋለውን የራዲያተር ክዳንም መክፈት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ታፍኖ ስለሚቆይ ከዚያ በላይ ይግላል፤ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል።

ከመኪናው የተቀዳው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ታሽጎ ይቀመጥ እንጂ በጓሮ ወይም በቦይ አይፈስስ። የከተማችን ቦዮች ወደ ወንዞቿ ይወርዳሉ፤ እነርሱም ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ከወንዙ ውኃ ያጠጣሉ፤ ያ ጎመንም ተመልሶ ወደ ከተማችን ገበያ ይመጣል።