ጡረታ የሙያ መቀበሪያ አይሁን

ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት በትጋት ካገለገለ በኋላ በ60 ዓመቱ ቁልፉንና መዝገቡን አስረክቦ፣ የምስጋና ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ዘመዱም ጎረቤቱም «እንኳን ለዕረፍት አበቃህ» ይለዋል፤ ነገር ግን ዕረፍቱ የሥጋ እንጂ የሐሳብ አለመሆኑን የሚረዳው፣ የመጀመሪያውን አበል ተቀብሎ ከጤፉ፣ ከዘይቱና ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር ያስተያየ ዕለት ነው።

በሕጋችን መሠረት ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ደግሞ 11 እያዋጡ ይቆያሉ፤ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን ከመቶ 30 ሲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመርለታል፤ ጠቅላላውም ከ70 አይበልጥም። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረና 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 5,500 ብር ይቈረጥለታል ማለት ነው፤ ወደ 70ው ጣሪያ ለመድረስ ደግሞ 42 ዓመት፣ ይኸውም ከ18 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ ሳያቋርጥ ማገልገል ይኖርበታል። ይህም አበል ማስተካከያ እስኪደረግበት ድረስ ባለበት ሲቆም፣ ገበያው ግን፣ ይልቁንም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

በዚህ ጊዜ መካሪ አይታጣም፤ አንዱ «ነግድ»፣ ሌላው «ሚኒባስ ግዛ»፣ ሦስተኛው «ገንዘብህን ለልጅህ ሥራ ማስጀመሪያ ስጠው» ይላል። እኔ ግን ንግድን በዘመኑ ሁሉ ሳይሞክር የኖረ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን በስተርጅና ለገበያ ዕጣ አሳልፎ መስጠቱን አልደግፍም፤ ወጣት ቢከስር ኪሳራውን የሚመልስበት ዘመን አለውና። ለአረጋዊ የሚበጀው አስቀድሞ በእጁ ያለውን መሸጥ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው መዝገብ መያዝ ለተሳናቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ሒሳባቸውን ቢሠራ፣ መምህሩ ለፈተና የሚዘጋጁትን ቢያስጠና፣ ነርሷ በየቤቱ የተኙ ሕሙማንን ብትጎበኝ፣ የግንባታ ባለሙያው የሰው ቤት ሲሠራ ቢቆጣጠር፣ ከዕውቀታቸው በቀር የሚያወጡት መነሻ ገንዘብ የለም። ሰርቪስ ቤት ያለውም ሰው አዲሱ የቤት ኪራይ አዋጅ እንደሚያዘው ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል በጽሑፍ አድርጎና አስመዝግቦ ቢያከራይ፣ እርሱም ተከራዩም በሰላም ያድራሉ፤ በጓሮው ጎመን የሚተክልና ዶሮ የሚያረባም ቢሆን፣ ያልወጣ ብር እንደገባ ይቈጠራልና፣ ከገቢው ይቈጠርለታል።

ይህ ሁሉ ግን ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው፤ በስተርጅና የሚሠራውን ሰው «ምን ቸገራቸው» ብሎ የሚያማ ጎረቤትና «ልጆቹ አይጦሩትም ይሉናል» ብለው አባታቸውን ከሥራ የሚከለክሉ ልጆች፣ ክብሩን የጠበቁለት መስሏቸው ከሰው በታች ያደርጉታል። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቶች ልማድ ነው፤ በወንጌል የተጻፈው ሰነፍ አገልጋይ አንዲት መክሊቱን በገዛ እጁ ቀበራት፤ በእኛ ዘንድ ግን የጡረተኛውን መክሊት የሚቀብረው አሠሪው ነው፤ ሙያውን ለተተኪ እንዲያወርስ የጥቂት ሰዓት ውል ሳይሰጠው፣ ዕድሜው ስለሞላ ብቻ ያሰናብተዋልና።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸው ከመሰናበቱ አንድ ዓመት አስቀድመው የሚያስተምረውን ሙያ ለይተው በሰዓት የሚከፈልበትን ውል ያዘጋጁለት፤ ልጆችም አባታቸውንና እናታቸውን ከሥራ በመከልከል አይጡሩ። ዕድሜዎ ሃምሳን የተሻገረ አንባቢ ሆይ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ የስንብት ደብዳቤ እስኪደርስዎ ሳይጠብቁ፣ ደመወዝዎ ሳይቋረጥ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም በቅዳሜ ቀን የሚሠሩትን ሁለተኛ ሙያ ዛሬውኑ ይጀምሩ።