ሁሉም የላይኛው ሆድ ሕመም «ጨጓራ» አይደለም

በየቤታችን ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ስሙ አንድ ነው፦ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ»። ማቅለሽለሽና ትውከት ቢጨመርበትም ስሙ አይለወጥም፤ መፍትሔውም ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛ ኦሜፕራዞል ነው። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል «ጨጓራ ነው» ብለው የሚመጡ ብዙ ሰዎች አያለሁ። አብዛኞቹ ልክ ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ ልክ ስላልሆኑት ነው።

በቅድሚያ ስለ ራሱ ስለ ጨጓራ ቁስለት። ዋና መንስኤዎቹ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ እና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ሕመሙን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ቁስሉን አይፈጥርም። ስለዚህ ለጉልበታቸው ሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትሩ አያት ካሉ፣ ከበርበሬው በፊት ስለ ኪኒኑ ጠይቁ።

ጾም ተፈቶ ቅቤና ሥጋ ሲበዛ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ለሰዓታት ቆይቶ የሚለቅ ሕመም የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑና ደጋግመው የወለዱ እናቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ በአልትራሳውንድም ይታያል። ጠጠሩ ወርዶ የቆሽትን መውጫ ከዘጋ ቆሽት ይቆጣል። ያኔ ሕመሙ እስከ ጀርባ ይዘልቃል፤ ትውከቱም አልቆም ይላል። አልኮል ማብዛትም እዚሁ ያደርሳል። ይህ ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሕመም ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ልብ ነው። በአረጋውያን፣ በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ያለ ደረት ውጋት ሊመጣ ይችላል። የላይኛው ሆድ ሲከብድ፣ ሲያስመልስ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅና ትንፋሽ ሲያጥር አጥሚት እያጠጡ ማሳደር አይገባም። በዚያው ሰዓት ኢሲጂ የሚነሡበት ጤና ተቋም መድረስ አለባቸው።

ነፍሰ ጡር ልጅ ያላችሁም ስሙኝ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የላይኛው ሆድ ሕመም ከብርቱ ራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ የደም ግፊቷ ዛሬውኑ ይለካ። በልጆች ደግሞ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ የሚወርድ ሕመም ትርፍ አንጀትን ያስጠረጥራል።

ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሆድ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ማለት፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጆቻቸውን ላለማስቸገር «ይተወኛል» ማለት ይቀናቸዋል። ስለዚህ «አመመዎት ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የት እንደሚያማቸው በእጃቸው እንዲያሳዩአችሁ፣ መቼ እንደጀመራቸውና ምን ኪኒን እንደወሰዱ ጠይቋቸው። ኪኒኖቹንም በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ለሐኪሙ ግማሹን መንገድ አቀለላችሁለት ማለት ነው።

ሳምንት በጤና ያገናኘን።