ስለ ጫጩቶች የሳንባ ሻጋታ

ጫጩት አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ያየ ሁሉ «ፈንግል ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ይህ ግን ያለ ምስክር የተሰጠ ፍርድ ነው። ለንግድ ዶሮ የሚያረባ ሰው እንደ መሳለሚያ ካለ የእህል ገበያ እርጥበት የነካውን እህል በርካሽ ገዝቶ ቢመግብ፥ ወይም ጉዝጓዙ ቢሻግት፥ አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ ብናኝ ከትንፋሽ ጋራ ወደ ሳንባ ይገባል። ጫጩቱም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የማንኮራፋት ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማበትም። የሞተው ሲከፈት በሳንባውና በአየር ከረጢቶቹ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ፍሬ መሰል እብጠት ይገኛል፤ ይኸውም በማይክሮስኮፕ ይረጋገጣል። በቢሾፍቱ የሚሠራው የፈንግል ክትባት ለዚህ አይረዳም፤ የሚረዳው ደረቅ ጉዝጓዝና ንጹሕ መኖ ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት፥ ዶሮ አርቢው ገንዘቡን በከንቱ ሳይጨርስ፥ የሞተውን ጫጩት አስቀድሞ ለእንስሳት ሐኪም እንዲያሳይ ሊያስተምሩት ይገባል።