በመዝገብ የጠገበ ወታደር

የወታደር ስንቅ ነገር በተነሣ ቍጥር አንዳንድ የተማሩ ወንድሞቻችን «በሶና ቆሎ የድንቍርና ዘመን ስንቅ ነው፤ ዛሬ ኃይሉ በካሎሪ ተመትሮ፣ በቈርቈሮ ታሽጎ የሚሰጥ ምግብ ስለ ተገኘ የሚያከራክር ነገር የለም» ሲሉ ይሰማሉ። እኔም የታሸገውን ምግብ ለመንቀፍ ብዕሬን አላነሣሁም። ከዝናብና ከነቀዝ የሚጠበቅ፣ እሳት ሳይነድ የሚበላ ምግብ ለዘማች ታላቅ ጥቅም እንዳለው የሚክድ የለም። የምቃወመው «ከተቈጠረ ይበቃል» የሚለውን አሳብ ነው።

ለዚህም ማስረጃ ይሆነን ዘንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ያድለው የነበረውን «ኬ ሬሽን» የተባለውን ስንቅ እንመልከት። አንሴል ኪስ የተባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ያሰበው ይህ ስንቅ ለቍርስ፣ ለምሳና ለራት በሦስት ትንንሽ ካርቶኖች የተከፈለ ነበር። በውስጡም የታሸገ ሥጋ ወይም አይብ፣ ብስኩት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ማስቲካና ሲጋራ ይገኝ ነበር። የቀኑ ድርሻ 2,800 ካሎሪ ያህል ነበር። ይሁን እንጂ የተሰናዳው ወጥ ቤት ሊከተለው የማይችል ወታደር ለጥቂት ቀን እንዲሰነብትበት ነው እንጂ ለወራት እንዲኖርበት አልነበረም።

የሆነው ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 በጄኔራል ሜሪል ስም የሚጠራው፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው የነበረበት የጦር ክፍል በበርማ ጫካ ዘመተ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ተራራና ወንዝ ሲያቋርጥ ይበላ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ከአይሮፕላን የሚጣልለትን ይህንኑ ካርቶን ነው። በሜይ 17 ቀን የሚይትኪናን አይሮፕላን ማረፊያ ቢይዝም ሰዎቹ ከስተው፣ በወባና በተቅማጥ፣ በተስቦም ተመትተው ክፍሉ ብዙም ሳይቈይ ፈረሰ። በሽታው የጫካው ነው፤ ሰውነታቸውን ለበሽታ አሳልፎ የሰጠው ጕስቍልና ግን በከፊል የስንቁ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። ለቫይታሚን ሲ ተብሎ በካርቶኑ ውስጥ የሎሚ ዱቄት ይጨመር ነበር። ዱቄቱ እጅግ ስለሚኮመጥጥ ብዙዎቹ ወታደሮች ይጥሉት ነበር። በመዝገብ ግን ወታደሩ ቫይታሚኑን አግኝቷል! እንግዲህ መዝገቡ የሚያውቀው የታደለውን ነው፤ የተበላውን አያውቅም።

የእናቶቻችንስ ስንቅ? ፍጹም ነበር አልልም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ ከውጊያው በፊት የሠራዊታችን ስንቅ እየተመናመነ ሄዶ ከባድ ጭንቀት አሳድሮ ነበርና። ነገር ግን ገብሱን ቈልታ በሶ የምትፈጨው፣ እንጀራውን ድርቆሽ የምታደርገው ሴት ስንቁን የሚበላውን ሰው ታውቀዋለች። ለስንት ቀን እንደሚሄድ ትጠይቃለች፤ የሚወደውንና የማይስማማውን ትለያለች። ከአገልግል ያልተነካ ስንቅ ቢመለስላት ምክንያቱን ሳትመረምር አትተወውም። የጐደለን ቈርቈሮው ወይም ሒሳቡ አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለሌላው ሰው ምግብ በወረቀት የምትመድብ ወንድሜ ሆይ፣ ከመፈረምህ በፊት «ይህ ለስንት ቀን የተሰናዳ ነው? ሰውየውስ በልቶታልን?» ብለህ ጠይቅ። ይህም ከባድ ሆኖ ከታየህ አንድ ቀላል ደንብ ላመልክትህ፤ ስንቁን የሚመርጡ ሹማምንት አስቀድመው ለአንድ ወር ከዚያው ካርቶን ይብሉ። ያን ጊዜ ኮምጣጣው ዱቄት ከመዝገብ ሳይፋቅ የሚያድር አይመስለኝም። ቍጥር ለሚያዝዘው ሰው ይመቸዋል፤ በጫካ ውስጥ የሚያድረው ወታደር ግን የሚጠግበው በቍጥር ሳይሆን በምግብ ነው።