ቀፎ ሲቀየር

ሚዛን አማን ላይ «ቀፎ» ሲባል የትኛው ቀፎ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ሸካና ወደ ካፋ ጫካ ሲጠጉ፣ ቀፎ ማለት ዛፍ ላይ የተሰቀለው የንብ ቤት ነው። ሞባይል ቤት ከገቡ ደግሞ መስታወት ውስጥ የተደረደረው ስልክ። አዲስ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ውስጥ ንቡ ይግባ አይግባ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የሞባይሉም ነገር ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ቀፎ የቀየረ ባለቤት አካውንቱ ውስጥ ይግባ አይግባ አይታወቅም።

እንበልና ባለቤቱ ቡና አቅራቢ ነው። ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እሸት ቡና ከገበሬ ይሰበስባል፣ ጀንፈል ያስጭናል። ኅዳር ላይ ለቀማው ሲጧጧፍ ስልኩ አያርፍም። ለዓመታት የያዘው ቴክኖ ሁለት ሲም ይወስድለት ነበር፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም። ዘንድሮ አይፎን ገዛ። ሲሙን አወጣና አዲሱ ላይ ከተተ። አሮጌውን እዚያው ሞባይል ቤት ፎርማት አስደርጎ፣ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ ለሚማረው የእህቱ ልጅ በዚያው ቀን በመኪና ላከለት። በኛ አገር ስልክ አይጣልም፣ ይወረሳል፤ ከአባት ለልጅ፣ ከታላቅ ለታናሽ። ደግ ልማድ ነው። ችግሩ ያለው «በዚያው ቀን» የሚለው ላይ ነው።

ቴሌብር አላስቸገረውም። ወደ ሲሙ ኮድ ተላከ፣ ፒኑን አስገባ፣ ገባ። ቴሌግራም ላይ ግን ቆመ። ቴሌግራም ኮዱን ቀድሞ የሚልከው በኤስኤምኤስ ሳይሆን ቀደም ብሎ በተከፈተበት ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው። ያ ስልክ ደግሞ ቴፒ መንገድ ላይ ነው። ስልኩ ሲደርስ የእህቱ ልጅ ደወለ።

«አጎቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደርሶኛል።»

«ቴሌግራሙን ክፈትና የመጣውን ኮድ ንገረኝ እስቲ።»

«የምን ቴሌግራም? ስልኩ እኮ ባዶ ሆኖ ነው የመጣው።»

ቴሌግራሙስ ትንሽ ታግሶ በኤስኤምኤስ እንዲላክ መጠየቅ ይቻል ነበር። የከፋው ጂሜይሉ ነው። አቅራቢው ከዓመት በፊት አንዲት ወጣት የቢሮ ሠራተኛ መክራው ጎግል ኦተንቲኬተር የሚባለውን የመግቢያ ኮድ ማውጫ መተግበሪያ አስገብቶ ነበር። ጂሜይሉ አሁን የሚጠይቀው እዚያ ላይ የሚታየውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያወጣው ምስጢር ከስልኩ ጋር አብሮ ተፍቋል።

ብዙ ሰው እነዚህ ቁጥሮች በኔትወርክ የሚመጡ ይመስሉታል። አይመጡም። መጀመሪያ ኪውአር ኮዱ ስካን ሲደረግ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ የዚያው ቁልፍ ቅጂ ጎግል ዘንድ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ ቁልፉንና ሰዓቱን አንድ ላይ ያሰላሉ። በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር ይወጣል። አሠራሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል። ኔትወርክ በሌለበት የቡና ማሳ መሐል እንኳ ይሠራል። ለደቡብ ምዕራቡ ከዚህ የበለጠ የተመቸ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉ እንዳይጠፋና ሰዓቱ እንዳይዛባ።

ይህ ሁለተኛው የኛ ጉድ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልክ 8:00 ይላል። በፈረንጅ ሰዓት መኖር የሰለቸው ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ ሴቲንግ ገብቶ በእጁ 2:00 ያደርገዋል። ለእሱ ሰዓቱ ተስተካከለ። ስልኩ ግን ያለበት የሰዓት ዞን ስላልተነካ፣ ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት በየ30 ሴኮንዱ ሲቆጠር 720 ኮድ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። አገልግሎት ሰጪዎቹ የሚታገሱት ደግሞ የአንድ ሁለት ኮድ መዘግየት ነው። ሰውየው ቁጥሩን ከስክሪኑ በትክክል እያነበበ ያስገባል፣ «ስህተት ነው» ይባላል፣ ደግሞ ያስገባል። «ተጠልፌያለሁ» ብሎ የሚደነግጠው ያኔ ነው።

መውጫው ያስቃል። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጎ መተው አንዱ ነው። የሐበሻ ሰዓት ካላየሁ የሚል ደግሞ ሰዓቱን ሳይነካ የሰዓት ዞኑን ሳኦ ፓውሎ ያድርገው። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ሳኦ ፓውሎ 3 ሰዓት ትዘገያለች፤ ብራዚልም በ2019 እ.ኤ.አ. በየበጋው ሰዓት መቀያየሩን ትታለች። ስልኩ ጠዋት 2:00 ያሳያል፣ ውስጡ ያለው እውነተኛ ጊዜ ሳይዛባ ኮዱም ይሠራል። ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የቡና መነሻ አገር ሰው በዓለም ትልቁ ቡና አምራች አገር ሰዓት ይመራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ቁልፉን ስለማሻገር፣ ከአንድ ብራንድ ወደ ሌላ መሄድ የራሱ ጣጣ አለው። ጎግል ኦተንቲኬተር ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ቁልፎቹን ከጎግል አካውንት ጋር ያስቀምጣል፤ ይህ የሚሆነው ግን ባለቤቱ በአካውንቱ ገብቶ ከተጠቀመ ነው። አቅራቢያችን አልገባም ነበር። ያለ አካውንት ለሚጠቀም ሰው አሮጌው ስልክ ላይ ኪውአር ኮድ አውጥቶ በአዲሱ ስካን ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ሁለቱም ቀፎዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለባቸው። የማይክሮሶፍቱ ኦተንቲኬተር አንድሮይድ ላይ ያስቀመጠውን መጠባበቂያ አይፎን ላይ መልሶ አያወጣም። ሳምሰንግ ፓስ ውስጥ ያለ የይለፍ ቃልም አይፎን ላይ ተከትሎ አይመጣም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስልክ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከዚህም ይቀድማል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ወዲህ ያሉት ሲም ማስገቢያ የላቸውም። የሞባይል ቤቱ ልጅ መርፌዋን ይዞ ቀፎውን በአራቱም ጎን ያገላብጥና «ጋሼ፣ ይሄ ሲም አይወስድም፤ ኢ-ሲም ነው» ብሎ ይመልሳል።

ታዲያ ሁሉንም በኤስኤምኤስ ማድረግ አይቀልም? አገሩ እስካሁን የመረጠው እሱን ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲጀመር፣ ኤምፔሳም ነሐሴ 2015 ሲከተል፣ ሁለቱም የቆሙት በስልክ ቁጥር ላይ ነው። ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። ለጀማሪ የሚመች ነው። ግን ሲም ይጠፋል፣ ይዘጋል፣ በሌላ ሰው እጅም ይገባል። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. የትዊተሩ አለቃ የጃክ ዶርሲ አካውንት የተጠለፈው ስልክ ቁጥሩን ሌሎች በመቆጣጠራቸው ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሌባው ሲም ለመንጠቅ አይደክምም፤ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል፣ ሰውም ይነግረዋል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ማሳ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ኮዱ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ባንኮቻችን ኤስኤምኤሱን ይተዉ ማለት አይደለም። ግን ከጎኑ የሰዓት ኮዱን አማራጭ ቢያደርጉት ምን ይጎድላቸዋል? ነፃ ነው፣ ኔትወርክ አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ ደንበኛው ቀፎ በቀየረ ቁጥር ቅርንጫፍ ድረስ እንዲመላለስ ማድረግ፣ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ገበሬ የአንድ ቀን ለቀማ ማስተጓጎል ነው። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ብዙ ነው።

አቅራቢው የዳነው በአጋጣሚ ነው። መጋዘኑ ጥግ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጂሜይሉ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። የቢሮው ሠራተኛ ከዚያ ገብታ የድሮውን ኦተንቲኬተር ሰረዘች፣ አዲሱን አይፎን አስመዘገበች። ጎግል የሚሰጣቸውን 10 መጠባበቂያ ኮዶችም አውጥታ በወረቀት ገለበጠችለት፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ጊዜ ብቻ። ወረቀቷ ዛሬ የጀንፈል ሚዛን በሚመዘገብበት ደብተር የኋላ ሽፋን ውስጥ ናት። የመጀመሪያው ቁጥር፣ ለሙከራ ሲባል፣ በቀይ እስክሪቢቶ ተሰርዟል።